ሽታው ባሕር የተሻገረ ጥርኝ

በአዳማ ዳርቻ፣ ወደ ቦኩ አቅጣጫ ባሉት ሰፋፊ ግቢዎች፣ አንዳንድ ቀን የሚነጋው በጩኸት ነው። ቆጡ ሥር ላባ ተበትኖ ይገኛል። አንዷ ዶሮ አንገቷ ተቀንጥሶ ወድቃለች፤ ሌላዋ ከነአካቴው የለችም። «ምነው እትዬ፣ ምን ሆናችሁ?» ትላለች ጎረቤት በአጥሩ በኩል። «ሸለምጥማጥ ፈጀን እንጂ ሌላ ምን እንሆናለን!» ወዲያው ክርክሩ ይደራል። አባወራው «ጥርኝ ነው» ይላል፤ ዘበኛው አነር ነው ብሎ ይምላል፤ ልጆቹ ደግሞ ከዋንዛው ላይ ሲወርድ አይተነዋል ባዮች ናቸው። ሥራውን እንጂ ሠሪውን በቀን ብርሃን ያየ የለም።

ክርክሩ ቶሎ የማይበርደው ሦስቱም ሊሆኑ ስለሚችሉ ነው። ሸለምጥማጥና ጥርኝ ሳይንስ ቪቨሪዴ ብሎ የሚጠራው አንድ ቤተሰብ አባላት ሲሆኑ አነር ግን ከድመት ወገን ነው። ሸለምጥማጥ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ክብደቱ 2 ኪሎ ግራም አካባቢ፣ ገላው ነጠብጣብ፣ ጅራቱ ደግሞ ጥቁርና ነጣ ባለ ቀለበት የተዥጎረጎረ ነው። ጥፍሩን ወደ ውስጥ ስለሚሰበስብ ዛፍ መውጣት ይችላል፤ ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጎ ግንድ ይወርዳል፤ ጠባብ ቀዳዳም አይመልሰውም። ጥርኝ የዚህ ተቃራኒ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ኪሎ ይመዝናል፤ በአፍሪካ ካሉት የቤተሰቡ አባላት ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ጥፍሩ አይሰበሰብም፤ በጭቃ ላይ የሚተወው ዱካ የውሻ ይመስላል። ዛፍ ላይ እምብዛም አይወጣም። ስለዚህ በሽቦው ጠባብ ቀዳዳ የገባው ሌባ ሸለምጥማጥ ቢሆን ነው፤ ከአጥሩ ሥር በእግሩ ሄዶ፣ የጥፍር ምልክት ጥሎ ያለፈው ግን ጥርኝ ሊሆን ይችላል።

ይህ ዘገባ የሚከተለው ሁለተኛውን ነው። ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳት መካከል ገላው ያፈራው ነገር እንደ ጥርኝ ለብዙ ዘመን በንግድ ባሕር የተሻገረ ጥቂት ነው፤ እንደ እሱ ከሰው ዓይን ተሰውሮ የኖረም ጥቂት ነው።

ከአዳማ በወለንጪቲ በኩል ወደ መተሃራ በሚወርደው መንገድ ሌሊት የሚያሽከረክር ሰው ድንገት በመኪናው መብራት ውስጥ ሁለት የሚያበሩ ዓይኖች ሊያይ ይችላል። ጥርኝ ሲሄድ አንገቱን ደፍቶ፣ መሬቱን እያሸተተ፣ ሳይቸኩል ነው። ፊቱ ላይ ዓይኖቹን አጥልቆ የሚሸፍን ጥቁር ጭንብል አለ፤ በአንገቱ ጎን ነጭ ጥብጣብ ይወርዳል፤ ግራጫ ገላው ላይ ጥቁር ጥለትና ነጠብጣብ ተበትኗል። ሲደነግጥ ከማጅራቱ እስከ ጅራቱ የተዘረጋው ጥቁር ጋማ ይቆማል፤ ያን ጊዜ ከእውነተኛ መጠኑ ይልቅ እጅግ የገዘፈ ይመስላል። ብርሃን ሲያርፍበት ባለበት ደርቆ የመቅረት ልማድ አለው። ጠላቱ ነብር ወይም ጅብ በሆነበት ጫካ ይህ ልማድ ሕይወቱን ሊያተርፍለት ይችላል፤ በጅቡቲ መስመር ላይ ግን ከባድ መኪና ሥር ያገባዋል።

ቀኑን የሚያሳልፈው በቁጥቋጦ ውስጥ፣ በሸንበቆና በረጅም ሣር፣ ወይም ሌላ እንስሳ ቆፍሮ በተወው ጉድጓድ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ይወጣል፤ ብቻውን ያድናል፤ ሊነጋጋ ሲል ይመለሳል። ለውኃ ቅርብ የሆነ ጥቅጥቅ ያለ ቦታ ይወዳል፤ ጥሩ ዋናተኛም ነው። በአዋሽ ዳር የተረፈው የወንዝ ዳር ደን፣ ከሙነሳ እስከ ወንዶ ገነት የተዘረጋው የምሥራቅ ሸለቆ አፋፍ ጫካ ለእሱ ዓይነተኛ መኖሪያ ነው።

ሴቷ ከሁለት ወር እስከ 80 ቀን ገደማ አርግዛ ከ1 እስከ 4 ግልገል ትወልዳለች። ግልገሎቹ ሲወለዱ ፀጉር ለብሰው ነው።

የሚበላውን መዘርዘር ያደክማል። አይጥ፣ እንቁራሪት፣ እባብ፣ ወፍና እንቁላል፣ አንበጣና ጥንዚዛ፣ የሞተ እንስሳ ሥጋ፤ ከዚያም ፍራፍሬ። ሌሎች አዳኞች ሸሽተው የሚያልፉትን፣ ሲነኩት መርዛማ ፈሳሽ የሚያወጣውን ሺ እግር እንኳ ያለ ችግር ይበላዋል። ኃይለኛ ታዳን ሲገጥመው ነክሶ ይወዘውዘውና ይወረውረዋል፤ ከዚያ እንደገና ይይዘዋል። በዚህ መንገድ ራሱ ሳይነከስ መርዛማ እባብ መግደል ይችላል። ሳይንስ ከሥጋ በሎች መደብ ውስጥ ቢያስገባውም ጥርሱ ለሁሉም የተሠራ ነው፤ መንጋጋዎቹ ሰፋፊና ለማድቀቅ የተመቹ ናቸው።

ሾላ ሲበስል ጥርኝ ከዛፉ ሥር አይጠፋም፤ የቁርቁራ ፍሬም ይወዳል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር በአገራችን ደኖች ጉዳይ ላይ ብዙ ሊነገርለት ይገባ ነበር። ጥርኝ በየሄደበት አይጸዳዳም። የተወሰኑ ቦታዎች አሉት፤ ሌሊት እየተመላለሰ እዚያው ይጥላል፤ ቦታው ከጊዜ ወደ ጊዜ ክምር ይሆናል። ክምሩ ውስጥ የጥንዚዛ ቅርፊት፣ የአይጥ ፀጉርና አጥንት፣ ያልተፈጨ የዛፍ ዘር ይገኛል። ከእናት ዛፍ ርቆ፣ ማዳበሪያው አብሮት የተጣለ ዘር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት የጥርኝ አመጋገብ ጥናት ከመናገሻ ሱባ ደን የተገኘ ነው። ያ ደን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ችግኝ ተተክሎበት እንደተጠበቀ የሚነገርለት ነው፤ ዛሬ ዛፉን ከሚያራቡት መካከል ይህ የሌሊት መንገደኛ አንዱ ነው።

በሸለቆው ውስጥ ደግሞ ሌላ ሥራ አለው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአዋሽ ግራና ቀኝ ሸንኮራ አገዳ ተንጣሏል፤ መተሃራም ተከትሏል። አገዳ ባለበት አይጥ አለ፤ አይጥ ባለበት ደግሞ ጥርኝና ሸለምጥማጥ አይጠፉም። ገበሬው በዓመት ጥቂት ዶሮ ሲያጣ ይቆጥራል፤ በጎተራውና በማሳው ዙሪያ የተበላው አይጥ ግን አይቆጠርለትም። ቂሙ የሚያድገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቂሙም ብዙ ጊዜ የሚወጣው በመርዝ ነው። ለጅብ፣ ለባዘነ ውሻ ወይም ለአይጥ የተዘራ መርዝ ጥርኝን ከማንም በፊት ያገኘዋል፤ ምክንያቱም እሱ የሞተውንም፣ የታመመውንም አይጥ አንሥቶ የሚበላ እንስሳ ነው። ቤቱን በመርዝ የሚከላከል ሰው አይጥ የሚቀንስለትን ጎረቤቱን ገድሎ ለሚቀጥለው ዓመት አይጥ ያረባል።

ዶሮን ለማዳን መርዝ አያስፈልግም። ቆጡ በላይም በጎንም ቀዳዳው ጠባብ በሆነ ሽቦ ከተሸፈነ፣ ሽቦው መሬት ውስጥ ጥቂት ከገባ፣ በሩም ጀንበር ሳትጠልቅ ከተዘጋ ሁለቱም እንስሳት ተስፋ ቆርጠው ያልፋሉ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ በጠራራ ፀሐይ ሳይፈራ ወደ ሰው የሚቀርብ ጥርኝ ወይም ሸለምጥማጥ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞት ሊሆን ስለሚችል ልጆችን ማራቅና ለእንስሳት ሐኪም መንገር ይገባል።

አሁን ወደ ሽታው። ከጅራቱ ሥር፣ በብልቱና በፊንጢጣው መካከል ሁለት ከረጢት ያለው ዕጢ አለ። ከዚያ የሚወጣው ዝባድ ነው። ሲወጣ ለስላሳ፣ ቢጫማ ቅባት ይመስላል፤ አየር ሲያገኘው እየጠቆረ ይሄዳል። ጥርኝ መንገዱ ላይ ያሉ ግንዶችንና ድንጋዮችን መርጦ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ዕጢውን ይፈትጋቸዋል። ምልክቱ የሚቀመጠው ከጉልበት ቁመት ባልበለጠ ከፍታ ነው፤ በዚያው ግንድ ላይ ደጋግሞ ስለሚመለስ ዝባዱ ድርብርብ ሆኖ ይጋገራል። ብቻውን ለሚኖር እንስሳ ይህ መልእክት ነው፦ ማን እንዳለፈ፣ መቼ እንዳለፈ፣ ወንድ ይሁን ሴት ሌላው ጥርኝ በአፍንጫው ይረዳል።

ዝባድ በንጹሕነቱ ሲሸተት ይከብዳል፤ አፍንጫ ያሲዛል። በጣም ተመጥኖ ከአልኮልና ከአበባ ዘይት ጋር ሲቀላቀል ግን ሞቅ ያለ፣ ለስላሳ መዓዛ ይሰጣል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሌሎቹ ሽቶዎች መዓዛ ቶሎ ተንኖ እንዳይጠፋ ያቆያል። ሽቶ ሠሪዎች ለዘመናት የፈለጉት ይህን ጠባዩን ነው።

የኢትዮጵያ ዝባድ ታሪክ የሚጀምረው ከስምጥ ሸለቆው ምዕራብ፣ ከጊቤ ማዶ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሊሙ እናርያ ንጉሥ አባ ባጊቦ ሲነግሡ የሰቃ ገበያ ዝባድን፣ ወርቅን፣ የዝሆን ጥርስንና ቡናን በአንድነት ያገበያይ ነበር። ነጋዴዎቹ በጎጃም ባሶ ገበያ አድርገው ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ምጽዋ ይወርዳሉ። ዝባዱ የሚጓዘው በበሬ ቀንድ ውስጥ ነው፤ አፉ በቆዳ ይታሰራል፤ አንዱ ቀንድ ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ ግራም ይይዛል። ዘመን ሲለወጥ መንገዱም ተለወጠ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የአገሪቱ ወጪ ንግድ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ፤ አዳማና መተሃራም የመስመሩ ጣቢያዎች ሆኑ። ቀንዱ ግን አልተለወጠም፤ ፈረንሳይ ያሉ የሽቶ ቤቶች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ የኢትዮጵያን ዝባድ በቀንዱ እንደታሸገ ተቀብለዋል።

በአውሮፓ ጥርኝ ለማርባት የሞከረም ነበር። በኋላ «ሮቢንሰን ክሩሶ»ን የጻፈው እንግሊዛዊ ዳንኤል ዴፎ፣ ደራሲ ከመሆኑ በፊት ነጋዴ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1692 ገደማ ለንደን አቅራቢያ 70 ጥርኞች ገዝቶ ነበር። ከዚያው ዓመት ኪሳራው ጋር ንግዱም ፈረሰ።

ዝባዱ የሚሸተውን ነገር ኬሚስቶች ለይተው ያወጡት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው፤ ሲቬቶን ብለው ጠሩት። ግን አሠራሩ እንቆቅልሽ ሆነ። በዚያ ዘመን ከስድስትና ከሰባት ካርቦን በብዙ የሚበልጥ ቀለበት ተጨናንቆ ይሰበራል፣ ተፈጥሮም አይሠራውም ተብሎ ይታመን ነበር። ስዊዘርላንድ ይሠራ የነበረው ሊዮፖልድ ሩዚችካ እ.ኤ.አ. በ1926 የሲቬቶን ሞሌኪውል 17 ካርቦን ያለው አንድ ቀለበት መሆኑን አሳየ። ጥርኝ በየሌሊቱ ግንድ ላይ የሚቀባው ነገር የኬሚስትሪ መጻሕፍት አይቻልም ያሉትን ሲሠራ ኖሯል። ሩዚችካ እ.ኤ.አ. በ1939 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከአዶልፍ ቡቴናንት ጋር ተካፈለ። ከዚያ በኋላ ሲቬቶንን በፋብሪካ መሥራት ተቻለ፤ የተፈጥሮ ዝባድ ገበያም ቀስ በቀስ መቀዝቀዝ ጀመረ።

ገበያውን ክፉኛ የመታው ግን ኬሚስትሪ ብቻ አልነበረም። በኢትዮጵያ ጥርኝ አርቢነት በአብዛኛው በምዕራብ ኦሮሚያ ሙስሊም ገበሬዎች ዘንድ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ሙያ ነው። እንስሳው ከዱር በወጥመድ ይያዛል፤ በብዛት የሚፈለገው ወንዱ ነው። ከእንጨት በተሠራ፣ መዞር እንኳ በማያስችል ጠባብ ጎጆ ውስጥ ይገባል። ጎጆዎቹ የሚቀመጡት በጨለማና እሳት በሚነድበት ቤት ነው፤ ሙቀቱ ዝባዱን ያበዛል ይባላል። ገንፎ፣ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ይቀርብለታል፤ ባለቤቱ ከራሱ ልጆች ማዕድ ቀንሶ የሚያበላበት ጊዜም አለ። በየ9 እስከ 12 ቀኑ ሦስት አራት ሰው ጅራቱንና የኋላ እግሮቹን ስቦ ይይዘዋል፤ ዕጢው ተጨምቆ ዝባዱ ከቀንድ በተሠራ ማንኪያ ይጠረጋል፤ ከዚያ የቆሰለው ቦታ ቅቤ ይቀባል። እንግዳ እንዳያየው ይሰወራል፤ የሰው ዓይን ይገድለዋል ተብሎ ይፈራልና።

ይህን የሚያደርገው ገበሬ ጨካኝ ሰው ነው ማለት አይደለም። ከአያቱ የተቀበለው ሙያ ነው፤ ከቡናው ቀጥሎ በእጁ ጥሬ ገንዘብ የሚያስገባለት እሱ ነበር። ነገር ግን በየሌሊቱ ረጅም መንገድ ሄዶ፣ ግዛቱን በሽታ እየከለለ የሚኖር እንስሳ ዕድሜውን ሁሉ መዞሪያ በሌለው ሳጥን ውስጥ መጨረሱ በምንም ዓይነት መመዘኛ ትክክል ሊሆን አይችልም። ብዙዎቹ በተያዙ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሞታሉ፤ የሞተውን ለመተካት ሌላ ከዱር ይያዛል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የዓለም አቀፍ የእንስሳት ደኅንነት ድርጅቶች ይህን በፊልምና በጽሑፍ ሲያወጡ የምዕራቡ ዓለም ሸማች ተቆጣ። የሻነል ኩባንያ በታዋቂው ቁጥር 5 ሽቶው ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ሰው ሠራሹን እንደሚጠቀም ተዘገበ። ገዢ ሲጠፋ ገበሬው ከስሯል፤ እንስሳው ግን ከሳጥኑ የወጣው ሁሌ በሕይወት አይደለም።

አማራጩ ለረጅም ዘመን በየግንዱ ላይ ተቀብቶ ሲጠብቅ ኖሯል። መጀመሪያ በመናገሻ ሱባ የተደረገ ሌላ ጥናት ጥርኝ ምልክት የሚጥልባቸውን ዛፎች እየለየ መዘገበ። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2011 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ከእነሱም መካከል ፕሮፌሰር አፈወርቅ በቀለ፣ የዱር ጥርኞች ራሳቸው ቀብተው ከሄዱባቸው ቦታዎች ዝባድ መሰብሰብ እንደሚቻል የሚያሳይ ሥራ አሳተሙ። አሠራሩ ቀላል ነው። ምልክት ያለበትን ግንድ ማወቅ፣ የተጋገረውን በጥንቃቄ መፋቅ፣ ጥርኙ ተመልሶ እስኪቀባ መጠበቅ። ወጥመድ የለም፤ ጎጆ የለም፤ ገንፎና ቅቤም አያስፈልግም። ከአንድ ግንድ የሚገኘው ትንሽ ነው፤ የዛፍ ቅርፊትና አቧራም ይቀላቀልበታል፤ ስለዚህ ብዙ ግንድ የሚያውቅ ሰውና ጥሩ ማጣሪያ ይፈልጋል። ሆኖም እንስሳው በሕይወት እስካለ፣ ደኑም እስካለ ምርቱ አይቋረጥም።

ጉዳዩ ወደ ስምጥ ሸለቆው የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። የጥርኝ ሙያ በምዕራቡ ታስሮ ቢቆይም እንስሳው ግን በዚህም አለ። በሻላና በአቢጃታ ሐይቆች ዙሪያ 887 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የያዘው ብሔራዊ ፓርክ ግራሩን በከሰልና በእርሻ ካጣ ሰንብቷል፤ ከባቱ እስከ አርሲ ነገሌ ባለው አስፋልት ዳር የተደረደረው የከሰል ከረጢት ያንን በየቀኑ ይመሰክራል። ከአዳማ በስተደቡብ ያለው ደራ ድልፈቃር፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አንዱ ክፍል ሆኖ፣ በአጋዘኑ ይታወቃል። ጎብኚም ጠባቂም የሚቆጥረው አጋዘኑን ነው፤ ሌሊት የሚወጣውን ማንም አይቆጥርም። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክም የዝንጀሮዎች ጥናት አሥርት ዓመታት አስቆጥሯል፤ የሌሊቱን ሥጋ በል በሬዲዮ መከታተያ ተከትሎ የታተመው ቀደምት ሥራ ግን በጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1982 ከኦሞ ብሔራዊ ፓርክ የወጣው ነው።

ሙነሳና ወንዶ ገነት ላይ ቢያንስ አንድ ነገር ዛሬውኑ መጀመር ይቻላል። በወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ አለ፤ ተማሪዎቹ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ይፈልጋሉ። የደን ጠባቂዎቹ ደግሞ የእያንዳንዱን ዱካ መሄጃ ያውቃሉ። ሁለቱ ተጣምረው በበጋና በክረምት ምልክት ያለባቸውን ግንዶች በካርታ ቢያስቀምጡ፣ ከየግንዱ በወር ስንት ግራም እንደሚፋቅ ቢመዝኑ፣ በጫካው ዳር ለሚኖረው ገበሬ ይህ ከከሰሉ ጋር የሚወዳደር ገቢ ሊሆን መቻል አለመቻሉ በቁጥር ይታወቃል። ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ለሰብሳቢዎች ፈቃድ የሚሰጥበትን መንገድ ማዘጋጀት፣ ከጎጆ የወጣውን ዝባድ ከግንድ ከተፋቀው የሚለይ ማረጋገጫ ማውጣትም ይኖርበታል፤ ፊቱን ያዞረው ገዢ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ወረቀት እሱ ነውና።